አዲስ ኤሌክትሪክ ወይስ የሰው ቪትዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የእኔ ሥራ ሜክሲኮ፣ የባለቤቴ ቃሊቲ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፤ ልጆቹን የምናያቸው ተኝተው ነው ማለት ይቻላል። ሰሞኑን እቁብ ደርሶናል፤ ካጠራቀምናት ጋር ደህና ያገለገለች ቪትዝ ትገዛልናለች። የባለቤቴ ወንድም ግን "የሰው አሮጌ ከምትገዙ ከባንክ ተበድራችሁ አዲስ ኤሌክትሪክ ግዙ፣ ከነዳጅ ሰልፍም ትገላገላላችሁ" እያለ አላስቀምጥ ብሎናል። ባለቤቴም ልቡ ወደዚያው ነው። እኔ ዕዳ እፈራለሁ። ምን ትሉናላችሁ?
ግራ የገባት፣ ከኮዬ

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽ ወንድም ዝም ብሎ አላወራም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ዛሬ አዲስ መኪና ማለት ባብዛኛው ኤሌክትሪክ ማለት ነው። መብራት ከቤንዚን ይረክሳል። የሞተር ዘይት ቀይሩ፣ ካንዴላ ቀይሩ የሚባል ጣጣም የለበትም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እሱ የሚኖረው ግቢ ቤት ነው አይደል? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከኮዬ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ከነዙሪያ ጥምጥሙ 50 ኪሎ ሜትር እንበለው። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ 7 ወይም 8 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ቢበላ ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት ይህን 4 ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ይሞላዋል፤ ተኝታችሁ ስትነሱ አለቀ። ሶኬቱ መኪናው አጠገብ ካለ ማለቴ ነው። እናንተ ደግሞ 4ኛ ፎቅ ናችሁ፣ መኪናው ታች የጋራ ቦታ ላይ ነው የሚያድረው። ከመስኮት ኤክስቴንሽን አንጠልጥዬ እሞላለሁ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቀጭን ገመድ ለሰዓታት እንዲህ ሲጫንበት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። ኮሚቴያችሁ ፓርኪንጉ ላይ የራሳችሁን ቆጣሪ እንድታስገቡ ካልፈቀደ በየማታው ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ልትዞሩ ነው። ከሰልፍ ሸሽቶ ሌላ ሰልፍ!

ብድሩም አለ። ባንክ ወለድ ብቻ አይደለም የሚጠይቅሽ፤ ዕዳው እስኪያልቅ መኪናው መያዣ ነው፣ ኢንሹራንሱም ሙሉ ይሁን ይልሻል። በዚያ ላይ ገበያው ላይ ካሉት ኤሌክትሪኮች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የባትሪውን ዋስትና እዚህ አገር ማን እንደሚሸከመው በወረቀት ካላሳዩሽ ዋስትና አለው ብለሽ አትቁጠሪው።

ስለዚህ ቪትዟን ግዙ። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። ዋጋዋም ቶሎ አይወርድም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ የ2016ቱ ክልከላ ተጨመረበት፣ እና እዚህ አገር ሰው ዓመታት የነዳውን መኪና ከገዛበት አስበልጦ ሲሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም።

ስትገዙ ግን ደላላው ያመጣው መካኒክ አይይላችሁ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በጠዋት ሂዱ፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ "አስነስተው ያሞቋት ለምንድን ነው?" በሉ፤ ችግር ያለበት ሞተር የሚታወቀው በብርዱ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት እየበላች ነው፣ ተመለሱ። "ቀለሟ አልተነካም" የማይል ደላላ የለምና ሰምታችሁ እለፉት። ኪሎ ሜትሩንም አትመኑ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ መሪው በመዳፍ ብዛት አብረቅርቆ ቆጣሪው 60 ሺህ ቢላችሁ ማንን እንደምታምኑ ታውቃላችሁ። የቻሲስና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ። የእቁቡን ብር ሙልጭ አድርጋችሁም እንዳትከፍሉ፤ ጎማ አለ፣ ቦሎ አለ፣ ስም ማዞሪያ አለ።

ኮሚቴው አንድ ቀን መስመር ካስገባ ያኔ ሽጣችሁ ኤሌክትሪክ ታስባላችሁ። ወንድምየውንም አታስቀይሙት፣ መኪና ሲታይ አብሯችሁ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኮሮላ አግኝቻለሁ፣ ዋጋው ጥሩ ነው። ሻጩ ግን "ስም ማዞር ጣጣ ነው፣ ውክልና ልስጥህና ንዳው" ይለኛል። ልውሰደው?
ከሱሉልታ

መልስ፦ አትውሰደው። ውክልና ባለቤት አያደርግህም። ሰጪው በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል፤ እግዜር አያድርገውና ቢሞትም ውክልናው ባብዛኛው አብሮት ይቀራል፣ አንተም ከወራሾች ጋር ክርክር ትገጥማለህ። ያገባ ከሆነ ደግሞ ሚስቱም መፈረም አለባት። ውልና ማስረጃ አብራችሁ ሄዳችሁ የሽያጭ ውሉን ተፈራረሙ፣ ቀሪውን ብር እዚያው ስጠው። እምቢ ካለ ዋጋው ለምን ጥሩ እንደሆነ ገብቶሃል።