ቀዩ ክርና ጥቁሩ ክር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ አራት ኪሎ ግቢ በር ላይ አገኘችኝና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ «ጋሼ፣ የቻይናው አጋዘን ከ18 ተነስቶ ዛሬ ሺዎች ደርሷል። ታዲያ እርስዎ ዘረመል ዘረመል እያሉ ለምን ያስፈራሩናል?» አለችኝ። ማስፈራራቴ እውነት ነው፤ ከጥቂት እንስሳት የተነሳ መንጋ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረመሉ ይደኸያል እላለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም አልተውኩትም። እዚያው ቆሜ መልስ ልሰጣት እችል ነበር፤ ግን ጥያቄዋ ሌላ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝና «እጽፍልሻለሁ» ብያት ሄድኩ። ለእሷ የጻፍኩትን ሌሎቻችሁም አንብቡት። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል።

በመጀመሪያ ስለ አጋዘኑ። ቻይናዎች «ሲቡሺያንግ» ይሉታል፤ አራቱን የማይመስል እንደ ማለት ነው። ቀንዱ የአጋዘን፣ አንገቱ የግመል፣ ኮቴው የላም፣ ጅራቱ የአህያ፤ ግን ከአራቱ አንዱም አይደለም። ከዱር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት በቤጂንግ አጠገብ በንጉሠ ነገሥቱ የአደን ግቢ ውስጥ ብቻ ይኖር ነበር። ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አርማን ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1865 እዚያ አየውና ለአውሮፓ አስተዋወቀው። በ1895 ጎርፍ የግቢውን አጥር ናደው፤ ያመለጡትን የተራበ ሰው በላቸው። የተረፉትን ደግሞ በ1900፣ ቦክሰሮች የተባሉት ቻይናውያን የውጭ ሰዎችን ተቃውመው ባመፁ ጊዜ፣ ወታደር ፈጃቸው። ደግነቱ ጥቂቶቹ ቀደም ብለው ወደ አውሮፓ ተልከው ነበርና 11ኛው የቤድፎርድ መስፍን 18 ያህሉን ከየቦታው ለቃቅሞ እንግሊዝ አገር ባለው ርስቱ አኖራቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሁሉ የእነሱ ዘር ነው። በ1985 ወደዚያው ወደ ቤጂንጉ ግቢ ተመለሱ። ስለዚህ ልጄ፣ አሥራ ስምንቱን የሰበሰበው እንግሊዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አጋዘን የምንለው፣ አሥር ሳንቲም ላይ ያለው የባሌው የደጋ አጋዘን፣ በሳይንሱ አጋዘን አይደለም። አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። የኛው አንዴ ያበቀለውን ይዞት ይሞታል፤ ዝምድናውም ከላምና ከፍየል ጋር ነው። ፈተና ላይ በየዓመቱ ይህን የሚስት ተማሪ አላጣሁም ነበር።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ አዎ፣ አንዳንዴ ጥቂቶች ሚሊዮን ይሆናሉ። የቻይናው አጋዘን ለብዙ ትውልድ በአጥር ውስጥ እርስ በርሱ ሲዋለድ ኖሮ ክፉ ክፉው ዘረመል ቀድሞ ተጠርጎለት ሊሆን ይችላል። ሲሆን ሲሆን እንዲህ ነው። ነገር ግን የተረፈውን እንጂ ያልተረፈውን ማን ይተርክልናል? በመካከለኛው አውሮፓ ያሉትን የታትራ ተራሮች የዱር ፍየል አስታውሱ። ከኦስትሪያ አምጥተው ሲያራቡት መልካም ነበር፤ በኋላ ደም እናድስ ብለው ከቱርክና ከሲና የመጡ ዘመዶቹን ቀላቀሉበት። ክልሶቹ የሚሰረሩበት ወቅት ተዛባና ግልገሎቹ በየካቲት፣ በዓመቱ እጅግ ብርድ በሚበረታበት ወር፣ ተወለዱ። መንጋው አለቀ። ማነስ ብቻ ሳይሆን መቀላቀልም ይገድላል።

ቁጥር ደግሞ ያታልላል። አንድ ኮርማና ሃያ ሴቶች ካሏችሁ ሃያ አንድ እንስሳ አለን ትላላችሁ። በዘረመል ስሌት ግን፣ ማለትም ዘር በማስተላለፍ ረገድ መንጋው ስንት ያህል እንስሳ እንደሚቆጠር ስናሰላ፣ ወንዱን በሴቱ፣ ከዚያም በአራት አባዝታችሁ ለድምሩ ስታካፍሉት 3.8 ይመጣል። አራት እንኳ አልሞላም! ከዚህ መንጋ በየትውልዱ ከስምንት አንድ እጅ ገደማ የዘር ልዩነት ይጠፋል። የስድስት ኪሎ አንበሶችም መነሻቸው አምስት ወንድና ሁለት ሴት ነበሩ ይባላል፤ አስሉት፣ ስድስት አይሞላም። ልጅ ሳለን እሁድ እሁድ ልናያቸው ስንሄድ አባቴ ለእኔ ለውዝ፣ ለራሱ ጋዜጣ ይገዛ ነበር። ጥቁር ጎፈራቸው እንጂ አያቶቻቸው ስንት እንደነበሩ ማን አስቦ።

አሁን ጥያቄዋ ወደቀሰቀሰብኝ ወደዚያ የቆየ ነገር ልግባ።

1990 ዓ.ም. ነው። ገና ዶክተር አልተባልኩም፤ ነጭ ጋዋን ግን ነበረኝ፤ ከላቦራቶሪ ውጭም አላወልቀውም ነበር። ሥራዬ ሻሸመኔ አጠገብ ባለው የሰንቀሌ መጠለያ በሚኖረው የዱር እንስሳ፣ በቆርኬ ላይ ነበር። ቆርኬ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ የከብቱ በሽታ ከከብቱ ጋር የጨረሰው እንስሳ ነው። ከሶማሌ ምድር ጨርሶ ጠፍቶ የቀረው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። በ1966 ከሰንቀሌ እየተያዘ ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ተወስዶ ነበር። አዋሽ ላይ ጠፋ፤ ነጭ ሳር ላይ እያለቀ ሄደ። ለምን? ሣሩ ነው፣ አውሬው ነው፣ ሰውና ከብቱ ነው የሚል ነበረ፤ የተወሰዱት እነማን እንደነበሩ፣ የማን ልጆች እንደነበሩ ግን የጻፈ አልነበረም። እኔ ይህን ልጠይቅ ተነሳሁ።

መጠየቁን ጠየቅሁ፤ ሜዳ ግን አልወጣሁም። ዛሬ «የዘንድሮ ወጣት ከስልኩ ቀና አይልም፣ ጫማው ጭቃ አይነካም» እያልኩ ስማረር ትሰሙኛላችሁ። እኔ ስልክ ሳይኖረኝ ነው ያልወጣሁት። ዘረመሉ የሚነበብበትን የቆርኬዎቹን በጠጥ የሰበሰበልኝ አንድ ስካውት፣ የመጠለያው ጠባቂ፣ ነው። በ1966 ቆርኬዎቹ መኪና ላይ ሲጫኑ እግራቸውን ይዞ ነበር፤ ያኔ ጎልማሳ ነው። ጡረታው ሊደርስ ነበር። ሠላሳ አንድ ትንንሽ ፌስታል ላከልኝ። አሥራ ሰባቱ በቀይ ክር፣ አሥራ አራቱ በጥቁር ክር ታስረዋል። ክሩ ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ ይመስል ነበር። ከላዩ አንድ ብጣሽ ወረቀት፦ ቀዩ ቀንደ ሰባራው ኮርማ ከያዘው ሜዳ የተገኙ ጥጆች፣ ጥቁሩ ከወንዙ ማዶ። ሰውየው የሚለው፣ ሜዳው ላይ የሚታየው ጥጃ አብዛኛው የአንድ አባት ልጅ ነው። እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን እሱ በዓይኑ አይቶታል።

ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ፌስታሉ አስጠላኝ፤ ላቦራቶሪ አይመስልም። ሁሉንም ወደ ብልቃጥ ገለበጥኩ፣ አልኮል ሞላሁ፣ ወረቀት ለጠፍኩና በእስክሪብቶ ቁጥሩን ጻፍኩ። ክሩን ከነፌስታሉ ቅርጫት ውስጥ። ዝርዝሩን መዝገብ ላይ አስፍሬያለሁ፣ ብልቃጡ ላይ ቁጥር አለ፤ ምን ጎደለ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳጥኑን ስከፍት ክዳኑ ላልቶ አልኮሉ ወርዷል፤ ቀለሙ ሟሙቶ ሠላሳ አንዱም ወረቀት ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆኗል። እዚያው ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ደረጃ ወርዶ፣ የእንስሳቱ ሙዚየም ውስጥ ያለው መለያ በእርሳስ እንደሚጻፍ አውቅ ነበር። እርሳስ አልኮል አያጠፋውም። አውቄ ነው ያጠፋሁት።

ለአለቃዬ አልተናገርኩም። ናሙናው ወደ ውጭ ሄደ፣ ውጤቱ መጣ፣ ዘገባው ላይ «ሠላሳ አንድ ናሙና ከሰንቀሌ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበልኝ።

በዓመቱ ስካውቱ ለልጁ ሕክምና አዲስ አበባ መጣ። ሻሸመኔ ሌሊት ተሳፍሮ፣ ከአውቶቡስ ተራ እየጠየቀ አራት ኪሎ ደረሰ። የበሩ ጥበቃ አላስገባው ብሎ ቆሞ ነበር፤ ወጣሁና ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ወዳለ አንድ ካፌ ወሰድኩት። ካፌው ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል፤ ባይሄድም አልገባበትም ነበር። እኔ ማኪያቶ፣ እሱ ሻይ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው «እርስዎ፣ ዶክተር» እያለ ያወራኛል፤ እኔም አንድም ቀን አላረምኩትም። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ፣ «ቀዩና ጥቁሩ እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«ገና ነው ጋሼ፣ ከፈረንጅ አገር አልመጣም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ «እንዲያው ካልበቃም ደግሜ ልሰብስብ፤ ያ ቀንደ ሰባራ ሜዳውን እንደያዘ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ብናገር ኖሮ! «ጠፋብኝ፣ ድገሙልኝ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። ኮርማው አለ፣ ሰውየው አለ፣ ክሩም አይጠፋም። «አይ፣ ይበቃል» አልኩት። ሂሳቡን ከፍዬ ታክሲ አሳፈርኩት። በቀጣዩ ክረምት ጡረታ ወጣ፤ ቀንደ ሰባራውም ሜዳው ላይ አልታየም ተባለ። እኔ በዚያ ዘገባ ዕድል አገኘሁ፣ ውጭ ሄድኩ፣ ዶክተር የሚለው ስምም ሐቅ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ስንት መሣሪያ መጣ። እኔ በወር የማልጨርሰውን እናንተ በቀን ታነባላችሁ፤ ኮምፒዩተሩ ባለቀለም ሥዕል ያወጣላችኋል። ሥዕሉን እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ተማሪ ሲያቀርብ ስሰማ «ናሙናው ከየት ነው?» እላለሁ፤ «ከፓርኩ» ይለኛል። ከየትኛው መንጋ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ፣ ማን ለቀመው? ዝም። ሦስት ኪሎ ሜትር የማይርቁ ሁለት መንጋዎች አንድ ስም ይዘው ይቀርባሉ፤ ከዚያ እንስሳ ይዛወር ሲባል ሁሉም ከመኪናው መንገድ አጠገብ ይያዛል፣ ምክንያቱም የሚቀርበው እሱ ነው። ማለትም የአንድ አባት ልጆች። ስካውቱን የሚጠይቅ የለም። አለ ካላችሁም ደስ ይለኛል፤ አንዲት ልጅ ባለፈው ዓመት ስካውቷን የጥናቷ ተባባሪ ጸሐፊ አድርጋ አይቻለሁ፤ እኔ በጊዜዬ ሞቼ አላደርገውም ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። የላክሽልኝን የጥናት ሐሳብ አንብቤዋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ለአዲስ መንጋ መነሻ «20 እንስሳት ይበቃሉ» ብለሽ የቻይናውን አጋዘን ምስክር ጠርተሻል። ከሃያው ስንቱ ወንድ ነው? ከስንት መንጋ ይያዛሉ? ሰንጠረዥሽ ላይ «እናት» የሚል ዓምድ አለ፣ «አባት» የሚል የለም። ማክሰኞ ከሰዓት ሙዚየሙ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ከመምጣትሽ በፊት ለስካውቱ ደውዪለት፤ የዘንድሮዎቹ ስልክ አላቸው።