ማህደሩ አለ፣ ቦንዱ ግን ውጭ ነው

ጓደኛዬ ያረፈ ሰሞን ባለቤቱ የጫማ ካርቶን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ የወረቀት ቦንዶች ነበሩ። ሰውዬው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሆቴል ሲሠራ፣ ከደመወዙ 25 ዶላር እያስቆረጠ የገዛቸው ናቸው። ያኔ ባለ 50 ዶላሩ የአሜሪካ መንግሥት የቁጠባ ቦንድ፣ ደብል ኢ የሚሉት፣ በግማሽ ዋጋ ነበር የሚሸጠው።

በሌላ እጇ ወፍራም ማህደር ይዛለች። የቤተሰቡ ትረስት ነው፤ ንብረት በባለአደራ ተይዞ ለተጠቃሚ እንዲደርስ የሚያደርግ ሕጋዊ ሰነድ። ጠበቃ ዘንድ ሄደው፣ ከፍለው፣ ፈርመው ያሠሩት።

«ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ ነው» አለችኝ።

አልነበረም። ቤቱ በትረስቱ ስም ዞሯል። ቦንዶቹ ግን በሟቹ ስም ብቻ እንደተጻፉ ቀርተዋል። ማህደሩ ላይ «የቦንዱ ገንዘብ ለእህቴ ልጅ ትምህርት ይሁን» የሚል ቃል አለ። ልጁ ደሴ ነው ያለው። ሌላ ኑዛዜ ስላልነበረ ቦንዶቹ በተራ የውርስ መንገድ ሄዱ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ሆና ቃሉን ጠበቀች እንጂ፣ ልጁ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እነዚህ ቦንዶች ወለድ የሚያስገኙት ለ30 ዓመት ነው። በ1987 የተገዛው በ2017 መውለድ አቁሟል። የተጠራቀመው ወለድ የፌዴራል ታክስ ደግሞ ቦንዱ ባይመነዘርም በዚያው ዓመት መታወቅ ነበረበት። ለዓመታት የሰውዬውን ታክስ የሠራሁት እኔ ነኝ። «ቦንድ አለህ ወይ?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጆቼ፣ ትረስትን «አደራ» ብላችሁ ካሰባችሁት ግማሹ ገብቷችኋል። ሰጪ አለ፣ ባለአደራ አለ፣ ተጠቃሚ አለ። ግን ለጎረቤት ያላስረከባችሁትን ዕቃ «አደራዬስ?» ብላችሁ አትጠይቁም። ቦንዱን ወደ ትረስቱ ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጠበቃው ማህደሩን ስለጻፈ አይተላለፍም።

የድሮ የወረቀት ቦንድ ያላቸው ወላጆች ካሏችሁ፣ ወደ ቤተሰብ ትረስት የሚዛወርበት ቅጽ አለ፤ ቁጥሩ 1851 ነው። ፊርማው መረጋገጥ አለበት፤ ባንካቸውን ጠይቁ። ባንክ ቤት የወረቀት ቦንድ መሸጥ በ2011 መጨረሻ ስለቆመ፣ የእናንተ ዘመን ግዢ ትሬዠሪ ዳይሬክት በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ትረስቱ የራሱን ሂሳብ ይከፍታል። ቦንዱ ላይ የባለአደራው ስም፣ የትረስቱ ስምና የተፈረመበት ቀን ይሰፍራል። በትረስቱ ሂሳብ ላይ ሁለተኛ ባለቤት ወይም ወራሽ መጨመር አይቻልም። ማን ይወስዳል የሚለውን የሚመልሰው ማህደሩ ነው። ስለዚህ ማህደሩን አንብቡት። ፈርመው ያላነበቡ ብዙ አውቃለሁ።

በ2022 አይ ቦንድ የሚባለው፣ ወለዱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚወጣና የሚወርደው የቁጠባ ቦንድ፣ ወለዱ 9.62 በመቶ የደረሰ ጊዜ ስልኬ አላረፈም። (ስሙ እምቢታ ይመስላል፤ የዚያን ጊዜ ግን እምቢ ያለ አልነበረም።) ሰው ሁሉ በዓመት የሚፈቀድለትን 10,000 ዶላር አስገባ። ለአንድ ዓመት እንደማይነካ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ከወጣም የሦስት ወር ወለድ እንደሚቀር ሁሉም ጠየቀኝ። «ብሞት ማን ይወስደዋል?» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። በባህላችን ይህን ማንሳት ሟርት ይመስላል።

ለሁላችሁም ትረስት ያስፈልጋችኋል አልልም። ገና ያላገባችሁ፣ ጥቂት ሺህ ዶላር ያላችሁ ከሆነ፣ በግል ሂሳባችሁ ላይ የወራሽ ስም መጻፍ ይበቃል። በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ነው፤ ክፍያም የለውም። ወራሽ ያልተጻፈበት ቦንድ እንኳ ጠቅላላው 100,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ሳይኬድ የሚጠየቅበት ቅጽ አለ። የጓደኛዬ ባለቤት የሄደችው በዚያ ነው። ትረስት ዋጋው የሚታየው ትንንሽ ልጆች ሲኖሩ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ገንዘብ በእጁ ሊቀበል አይችልምና። ወይም ቤተሰቡ ሁለት አገር ተከፍሎ ሲኖር፣ እንደ ብዙዎቻችን።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቁ አታድርጉ። ማፍረስ በምትችሉት ትረስት ውስጥ ቦንድ ብታስገቡ በታክስ ዓይን አሁንም የእናንተ ነው፤ ዝውውሩ ታክስ አያመጣም። የማይሻር ትረስት ግን ሌላ ዓለም ነው። እንደ አሠራሩ፣ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ወለድ ሁሉ ወዲያው ታክስ ሊጣልበት ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ያዙ።

እኔም ከዚያ ካርቶን በኋላ ነው የራሴን ያስተካከልኩት። ልጄን ተተኪ ባለአደራ አድርጌ ጻፍኳት። ለፋሲካ ቤት ስትመጣ፣ ገና ዶሮው ሳይቀርብ፣ ማህደሩን በኩራት አሳየኋት። ገጽ በገጽ ገለጠችውና ቀና ብላ «አባዬ፣ የሂሳቡ ቁጥርስ የት ነው?» አለችኝ።

ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ፈለግን።