የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞጁሉ ወጥቶ የያዘው ሜሞሪ ለምን አይለቀቅም?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ለመመረቂያ ሥራዬ የሙቀት ንባብ ለሚሰበስብ የፒሲአይ (ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካ) ካርድ የሊኑክስ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው። ሞጁሉን (ከርነሉ ላይ የሚጫነውንና የሚወጣውን የድራይቨሩን ኮድ) መጀመሪያ ስጭነው ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ኢንተረፕቱን (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ከለከለኝ፤ በመዝገቡም ላይ «ፍላግስ ሚስማች» (ፍላጎቹ፣ ማለትም የምርጫ ምልክቶቹ፣ አልተጣጣሙም) የሚል መልእክት ታየ። ሞጁሉን አውጥቼ፣ ኮዱን አስተካክዬ መልሼ ስጭነው ደግሞ ኢንተረፕቱ ጋ እንኳ ሳይደርስ፣ ገና የካርዱን ሜሞሪ ሲጠይቅ «ተይዟል» ተባለ። የያዘው ማን ነው? ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ በየእርማቱ ማጥፋትና ማብራት ግን አሰልቺ ሆኖብኛል።
የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ የያዘው ራሱ የእርስዎ ድራይቨር ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲሞት የከፈታቸውን ፋይሎችና የወሰደውን ሜሞሪ ከርነሉ ይሰበስባል፤ ድራይቨር ግን የከርነሉ አካል በመሆኑ ከኋላው የሚያጸዳለት የለም። የእድር ዕቃ ቤት ጠባቂ ድንኳኑንና ወንበሩን በመዝገብ እንደሚያስረክብ ሁሉ ከርነሉም የትኛው የአድራሻ ክልል ለማን እንደተሰጠ ይጽፋል፤ ተዋሹ ሳይመልስ ከተማውን ለቆ ቢሄድ መዝገቡ በራሱ አይሰረዝም።

በእርስዎ ኮድ የሆነው ይህ ይመስለናል፦ መሣሪያውን የሚያስጀምረው ፋንክሽን በመጀመሪያ የካርዱን የሜሞሪ ክልል ጠይቆ አገኘ፤ ቀጥሎ ኢንተረፕት ጠይቆ ሲከለከል፣ የያዘውን ሜሞሪ ሳይለቅ የስሕተት ቁጥር ብቻ መልሶ ወጣ። ሞጁሉን ሲያወጡም ማስጀመሩ አልተሳካም ተብሎ ስለተቆጠረ የማጽጃው ፋንክሽን አልተጠራም። በ«ፕሮክ» ማውጫ ሥር ያለውን «አዮሜም» የተባለ የተያዙ ክልሎች ዝርዝር ከፍቶ ማየት ያጓጓል፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የድራይቨሩ ስም ብዙውን ጊዜ የተቀመጠው በሞጁሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነና ያ ሜሞሪ ከሞጁሉ ጋር ስለተለቀቀ፣ ዝርዝሩን ማንበብ ብቻውን ከርነሉን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ አንዴ እንዲህ ከሆነ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ከሁሉም ይሻላል።

የመጀመሪያው ክልከላ ምክንያት ሌላ ነው። የፒሲአይ የኢንተረፕት መስመሮች ጥቂት ስለሆኑ አንዱን መስመር ካርድዎና ለምሳሌ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው አብረው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ቀድሞ የተመዘገበው ድራይቨር «ሼርድ» (የጋራ) የሚለውን ፍላግ ሰጥቶ እርስዎ ካልሰጡ ከርነሉ አይቀበልዎትም። ፍላጉን ሲጨምሩ ግን ግዴታም አብሮ ይመጣል፤ ሃንድለሩ (ኢንተረፕት ሲመጣ የሚጠራው ፋንክሽን) በተጠራ ቁጥር የራሱን ካርድ ሬጅስተር (በካርዱ ላይ ያለ አነስተኛ ማስቀመጫ) አንብቦ፣ ጥሪው የእርሱ ካልሆነ «የእኔ አይደለም» የሚለውን ዋጋ መመለስ አለበት። ካርድዎ ኤምኤስአይ (በጋራ መስመር ሳይሆን በመልእክት የሚላክ ኢንተረፕት) የሚደግፍ ከሆነ ግን በዚያ ይጠቀሙ፤ የመጋራቱ ጣጣ ከነአካቴው ይቀራል።

ላለመልቀቁ ችግር የቆየው መፍትሔ በየስሕተቱ መውጫ የተያዘውን ሁሉ በተቃራኒ ቅደም ተከተል የሚለቁ መስመሮችን መጻፍ ነው። ይሠራል፤ ሆኖም አንድ መስመር የሚረሳው ሁልጊዜ ብዙም በማይፈተነው መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የሊኑክስ 2.6.21 ከርነል ውስጥ «ዴቭሬስ» የተባለ አሠራር የገባው ለዚህ ነው። «ዴቭኤም» በሚል ቅድመ ቅጥያ የሚጀምሩትን ፋንክሽኖች ሲጠቀሙ እያንዳንዱ ሀብት ከመሣሪያው ጋር በዝርዝር ይያያዛል፤ ማስጀመሩ ሲከሽፍ ወይም ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ ከርነሉ መጨረሻ የተያዘውን አስቀድሞ እየለቀቀ እስከ መጀመሪያው ይወርዳል። ለፒሲአይ ደግሞ «ፒሲአይኤም» የሚል ቅድመ ቅጥያ ያላቸው አሉ።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበትን ወጥመድ ሳንጠቅስ አናልፍም፤ እርሱም ሁለቱን አሠራር መቀላቀል ነው። ኢንተረፕቱን በ«ዴቭኤም» ይዘው፣ ሃንድለሩ የሚጽፍበትን ሜሞሪ ግን በማጽጃው ፋንክሽን ውስጥ በእጅ ቢለቁ፣ ዴቭሬስ ሥራውን የሚጀምረው ያ ፋንክሽን ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሜሞሪው ተለቅቆ ኢንተረፕቱ ገና ያልተለቀቀበት ክፍተት ይፈጠራል። መስመሩ የጋራ ከሆነ ደግሞ ካርድዎ ዝም ቢል እንኳ ጎረቤቱ በሚያስነሣው ኢንተረፕት ሃንድለርዎ ይጠራና በተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ወይ ሁለቱንም ለዴቭሬስ ይተዉ፣ ወይም ሁለቱንም በእጅዎ ይልቀቁ።

ከደብዳቤዎ ጋር በላኩት ኮድ ውስጥ የካርዱ አድራሻ በቁጥር መጻፉንም አይተናል። ይህን ያስወግዱ። አድራሻው ማሽኑ ሲነሣ የሚመደብ ነው፤ ካርዱ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ የሚታወቀው በአድራሻ ሬጅስተሩ ላይ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ጽፎ፣ የተመለሰውን በማንበብ ነው። በሌላ ማሽን ላይ ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል ከከርነሉ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ በጫንኩበት ላፕቶፕ ላይ፣ የራሱ ኤሌክትሪክ በሌለው የዩኤስቢ ሃብ (መሰኪያ ማብዣ) በኩል ማውስና ኪቦርድ ይሠራሉ፤ ውጫዊ ሃርድ ዲስኬ ግን አይታይም። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?
የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከፒያሳ፣ ጎንደር

መልስ፦ ዲስኩን ተበላሽቷል ብለው ለመጣል አይቸኩሉ። ዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ የሚፈልገውን ከፍተኛ ጉልበት አስቀድሞ ለከርነሉ ያስታውቃል። በዩኤስቢ 2.0 አንድ የላፕቶፕ መሰኪያ እስከ 500 ሚሊ አምፒር ይሰጣል፤ የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ሃብ ግን ለእያንዳንዱ መሰኪያው የሚያካፍለው 100 ብቻ ነው። ዲስኩ 500 ከጠየቀ፣ ሌሎቹ መሰኪያዎች ባዶ ቢሆኑም ከርነሉ ሥራ ሳያስጀምረው ይተወዋል፤ በመዝገቡም ላይ የጉልበት እጥረት መኖሩን ይጽፋል። ዲስኩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት፤ መሰኪያ ካነሰዎትም የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ይግዙ።