ሽቦውን ለልጁ ስጡት

ልጆቼ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ካላችሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ሳይንስን በተግባር አስተምሩ። እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ነው የጨረስኩት። ዛሬም ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግን የአራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን አበላሽቼዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ሰርኪዩት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ዞሮ የሚመለስበትን መንገድ፣ ሥዬ ሃያ ደቂቃ አብራራሁ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሲሰሙ የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ለየቡድኑ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ሰጠሁ። ማንም አላበራም።

በሳምንቱ ምንም ሳልናገር ዕቃውን አደልኩና "አብሩት" አልኳቸው። ብዙዎቹ የአምፖሉን ጫፍ ብቻ ይነካሉ፤ የጎኑም ብረት መነካት እንዳለበት አይጠረጥሩም። አንዷ አምፖሉን ድንጋዩ አናት ላይ አቆመች። ሽቦውን ከድንጋዩ ሥር አዙራ የአምፖሉን ጎን ስትነካው ቦግ አለ። "ዞሮ መግጠም አለበት!" ብላ ጮኸች። እኔ የጨመርኩላት ሰርኪዩት የሚለውን ስም ብቻ ነው።

ከባዱ ነገር መጠበቅ ነው። ልጁ ሲቸገር እጃችሁ ይበላችኋል። አትንኩበት። "አምፖሉ ላይ ስንት ቦታ ብረት አለ?" ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ።

ከመሞከራቸው በፊት ግምታቸውን ይናገሩ። ክር ላይ ጠጠር አስሩና አወዛውዙ። ከባዱ ይፈጥናል ይላሉ፤ አይፈጥንም። ክሩ 1 ሜትር ሲሆን ደርሶ መልሱ 2 ሰከንድ ያህል ነው። 1 ሰከንድ እንዲሆን ግማሹን እንቁረጥ ይላሉ። ይቁረጡት። ወደ 25 ሳንቲሜትር መውረድ እንዳለበት ራሳቸው ይደርሱበታል። አሥር ውዝዋዜ ቆጥረው ለአሥር ያካፍሉ፤ የአንዱ ጊዜ ለመያዝ በጣም አጭር ነው።

የግድግዳ ሶኬት ፈጽሞ አይነካም። ሽቦው ከሞቀ ወዲያው ይለቀቅ። ቤታችሁ ያልሞከራችሁትንም ይዛችሁ አትግቡ። መምህሯን ቀድማችሁ አማክሩ፤ የትኛው ልጅ ዓይን አፋር እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ጊዜ የለኝም የምትሉ አላችሁ። እንግሊዛዊው የኤሌክትሪክ ተመራማሪ ማይክል ፋራዳይ ያን ሁሉ ምርምር እየሠራ እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ ለወጣቶች 19 ዙር የገና ሰሞን ትምህርት ሰጥቷል።

ስትወጡ ዕቃውን እዚያው ተዉላቸው። በሳምንቱ ስትመለሱ በአንድ ድንጋይ ሁለት አምፖል ለማብራት የሚታገል ልጅ ታገኛላችሁ።