ቀለሙ ኋላ የተቀባ አይደለም

እህቴ፣ «‹ዘ ብላክ ፓይሬት›ን ጀመርኩት፤ ባሕሩ አረንጓዴ፣ ሰው ሁሉ ቡናማ ሆነብኝ። በኮምፒውተር የተቀባ ነው? ጥቁርና ነጩን ልፈልግ?» ላልሽው፦ የያዝሽውን ቀጥይ። ይህ ድምፅ አልባ የባሕር ወንበዴዎች ፊልም በፈረንጆቹ 1926 ሲወጣም ባለ ቀለም ነበር።

የዚያን ጊዜው ቴክኒከለር (የባለ ቀለም ፊልም ዘዴው፣ የኩባንያውም ስም ነው) በሁለት ቀለም ብቻ ነበር የሚሠራው። ካሜራው ብርሃኑን ለሁለት ይከፍልና አንዱን በቀይ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ማጣሪያ ያሳልፋል። ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ደግሞ ለየብቻ ቀለም የገባባቸው ሁለት ስስ ፊልሞች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ነው። እውነተኛ ሰማያዊ ከዚህ አይወጣም። ባሕሩ ለዚህ ነው አረንጓዴ የሆነብሽ።

ቡናማው ግን ሆን ተብሎ ነው። ዋናው ተዋናይ ዳግላስ ፌርባንክስ ፕሮዲውሰሩም ራሱ ነበር። ደማቅ ቀለም ዓይን ያደክማል፣ ከታሪኩም ያዘናጋል የሚል ስጋት በዘመኑ ነበር። እሱም ልብሱንም መርከቡንም አደብዝዞ የድሮ የቅባት ሥዕል አስመሰለው። በበኩሌ ጎበዝ እላለሁ!

ፊልሙን የሚያሳዩት ሰዎች ግን አሳራቸውን በልተዋል። የተጣበቀው ፊልም በመብራቱ ሙቀት ይጎብጥና ምስሉ ይደበዝዛል። ሁለቱም ፊቱ ላይ ምስል ስላለ ደግሞ ቶሎ ይጫጫራል። ቴክኒከለርም ብዙ ሳይቆይ ማጣበቁን ተወው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጥቁርና ነጩን ነበር። ፌርባንክስ ጩቤውን የመርከቡ ሸራ ላይ ሰክቶ እየቀደደ ሲወርድ እዚያም ላይ ጉድ ያሰኛል። ግን እንጨቱ፣ ቆዳውና የሰው ገላ የተለያዩልኝ ባለ ቀለሙን ሳይ ነው።

ከፍቅሩ ብዙ አትጠብቂ። ቢሊ ዶቭ የምትጫወታትን ልዕልት አንዴ ያያታል፣ አለቀ። ከልጆች ጋር የምታዪ ከሆነ መጀመሪያውን ብቻሽን እዪው፤ አንድ ምርኮኛ ቀለበት ውጦ የሚደርስበት ነገር ለሕፃን አይሆንም።

ቲቪሽ ቀለም የሚያደምቅበት ሴቲንግ ካለው አጥፊው፤ ፊታቸውን ብርቱካን ያደርገዋል። አንዳንድ ቅጂ ላይ ያገኙትን ሙዚቃ ነው የለጠፉበት። ሞርቲመር ዊልሰን ለፊልሙ የደረሰው ሙዚቃ ያለበትን ፈልጊ።

ፍቅር ይበልጥብኛል ካልሽ «ዘ ቶል ኦፍ ዘ ሲ»ን እዪ። በ1922 በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ዋናዋ ተዋናይት አና ሜይ ዎንግ ታስለቅስሻለች። መጨረሻው ጠፍቶ ስለነበር፣ ሲጠግኑት ባሕሩን በድሮው የቴክኒከለር ካሜራ እንደገና ቀርፀው ነው የጨመሩበት።