የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ መስቀል ጥገና፦ ሲሚንቶ ለምን አይሆንም?

በእንግሊዝ አገር በሶመርሴት የሚኖሩ አንድ ግንበኛ፣ የመንደራቸው ነዋሪዎች አደባባዩ ላይ የቆመውን የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ መስቀል እንዲያድሱላቸው እንደጠየቋቸውና የደረጃዎቹን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሞልተው ድንጋዩን በግፊት ውኃ ሊያጥቡ እንዳሰቡ ጽፈውልናል።

ሁለቱንም እንዳያደርጉ እመክርዎታለሁ። መስቀሉ ከኖራ ድንጋይ የተጠረበ እንደመሆኑ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይመጥጣል፤ ያ ውኃ ተመልሶ የሚወጣው በአብዛኛው ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ በሆነው የኖራ መጋጠሚያ በኩል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ግን ውኃው በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ስለሚገደድ፣ የተሸከመው ጨው እዚያው ይረጋል፣ ውርጭም ሲመታው ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። መጋጠሚያ ሲያልቅ ይተካል፤ የተጠረበው ድንጋይ ግን አይተካም። የጎንደርን ግንቦች ያቆመው ኖራ ነውና ቁሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የላላውን ሙሌት በግራይንደር ሳይሆን በእጅ መሮ፣ ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ ያውጡት። ከዚያም አርጥበው በኖራና በንጹሕ አሸዋ ይሙሉት፣ ቶሎ እንዳይደርቅም በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት። የድንጋይ ሽበቱን አይንኩት፤ ሣርና ሥር ካለ በጥንቃቄ ቆርጠው ያንሡ። የመስቀሉ ምሰሶ ከተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ የዝገት ምልክት ካዩ ግን ሥራውን ያቁሙ፤ ውስጡ ያለው የብረት ካስማ ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋልና፣ ይህ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መስቀሉ በጥንታዊ ቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣሩ። በእንግሊዝ ከ12,000 በላይ እንዲህ ያሉ መስቀሎች እንደነበሩ ሲገመት፣ ዛሬ የቀሩት ከ2,000 ያነሱ ናቸው፤ የብዙዎቹ ራስ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ምስሎችን በሚቃወሙ ምስል አፍራሾች ተሰብሯል። ስብራቱም የታሪኩ አካል ነውና፣ የመስቀሉ ራስ ከሌለ አዲስ ቀርጸው አይግጠሙ። በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የተመዘገበን ቅርስ ያለ መንግሥት ፈቃድ መጠገን እንኳ ወንጀል ነው። ማመልከቻው በእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ተቋም በሂስቶሪክ ኢንግላንድ በኩል የሚቀርብ ሲሆን ክፍያ የለውም። መስቀሉ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነም የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

መልሱን እየጠበቁ እያንዳንዱን ስንጥቅ ከመለኪያ ጋር ፎቶ ያንሡ። ኖራ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይጠነክርምና፣ ፈቃዱ ቅዝቃዜው ከገባ በኋላ ከደረሰዎ ሥራውን እስከ ሚያዝያ ያቆዩት።