የመንዙ መንገድ አልጠፋቸውም፣ የጠባሴው ግን አልያዝ አላቸው

ጥያቄ፦ አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ዓምና ከመንዝ መጥተው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ እኔ ዘንድ ይኖራሉ። ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ሲኬድ አቋራጩ በማን ማሳ ጥግ እንደሚያልፍ ሳይቀር ይነግሩናል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። የጥንቱን እንዲህ እያስታወሱ አንጎላቸው ተጎድቷል ማለት ይቻላል?
(ልጃቸው፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይቻላል። የድሮውን መንገድ ማስታወሳቸው ለአንጎላቸው ጤንነት ዋስትና አይሆንም፤ ብዙ ቤተሰብ «ኧረ ሁሉን ያስታውሳሉ» እያለ ሕክምናውን የሚያዘገየው በዚህ ነው።

አዲስ ቦታ የምንለምደው በሂፖካምፐስ ነው፤ በጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ የሚገኝ ትንሽ የአንጎል ክፍል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ሁለቱም ወገን በቫይረስ የወደመባቸውን አሜሪካዊ አዛውንት ያሳያል። ያደጉበትን ሰፈር፣ ዋናው መንገድ ቢዘጋ በየት እንደሚዞሩ ጭምር አሳምረው ይናገሩ ነበር። ከታመሙ በኋላ የገቡበትን ሰፈር ግን ዓመታት ኖረውበትም አልለመዱትም። የቆየው ትዝታም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸው አንድ የለንደን ታክሲ ነጂ ዋና ዋናውን ጎዳና ሲያውቁ ከውስጥ ለውስጡ ሲገቡ ይጠፋባቸው ነበር። ስለዚህ አባትዎን ስለ ትልቁ መንገድ አይጠይቋቸው፤ ያንን አቋራጭ በየወሩ ያስነግሯቸውና ዝርዝሩ እየሳሳ መሄድ አለመሄዱን ልብ ይበሉ።

ሂፖካምፐስ በዕድሜም ይሟሽሻል፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመምም ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱ ነው። ስለዚህ የአንድ ጊዜ የኤምአርአይ ምስል ብቻውን አይፈርድም። አስቀድሞ የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ የደም ምርመራ ይደረግላቸው፤ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የዓይን ሞራና ድባቴም ይታይላቸው። ግራ መጋባቱ በድንገት ከመጣ ወይም በቅርብ ሳምንታት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከነበረ ግን ለነገ አይባልም፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

አዲሱን መንገድ ለማስለመድ አንድ መንገድ ብቻ ይምረጡ፤ ሁልጊዜ ያው ይሁን። ድግግሞሽ የሚያስለምደው ሌላ የአንጎል ክፍል ስለሆነ ሂፖካምፐስ ሲደክምም ይረዳል። እሳቸው ይቅደሙ፣ እርስዎ ከኋላ ይከተሉ፤ ከመሩዋቸው የሚያዩት የእርስዎን ጀርባ እንጂ መንገዱን አይደለም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ የማይነቃነቅ አንድ ምልክት ይኑር፦ ምሰሶ፣ ትልቅ ዛፍ። የቆመ ባጃጅ ነገ የለም፤ የሩቅ ተራራም ክረምት ጉም ሲወርድ ይሰወራል። የመመለሻውን ጉዞ ለብቻው ያስለምዷቸው፤ ያው መታጠፊያ ከወዲያ ሲመጡ ሌላ ቦታ ይመስላል። የብረት በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ የእናንተን በደማቅ ቀለም ይቀቡት። ሊሳሳቱ ሲሉ ሳይታጠፉ በፊት ይንገሯቸው፣ ስህተቱም ሲደጋገም ይለመዳልና።

እግር ጉዞውም ራሱ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት የመርሳት ሕመም የሌለባቸው 120 አረጋውያን ተሳትፈው ነበር። በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው የተራመዱት በዓመቱ ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት 1.4 በመቶ ያህል ቀነሰባቸው። ለአባትዎ በ10 ደቂቃ ይጀምሩ። ብቻቸውን ከወጡ ግን ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ወረቀት ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አይለይ።